የ«አንደኛ ለ» አየር

«ልጅሽን ብርድ ያስመታሻት አንቺ ነሽ። ትምህርት ቤቱ ምን ያድርግሽ?» ሲል ሰማሁት ዳይሬክተራችን። ጠመኔ አልቆብኝ ልጠይቅ ቢሮው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። የምትወቀሰው የጠበቃዋ እናት ናት። አጠገቧ ወንበር አለ፤ ተቀመጪ ያላት ግን የለም። ጠበቃዋ የክፍሌ ተማሪ ናት። ላጲስ ለጠፋበት፣ ተራው ለተቀማ፣ ሳያጠፋ ለተቆጣሁት ሁሉ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ እሱ እኮ አይደለም!» ስለምትል ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። አሁን ሆስፒታል ተኝታለች፤ የሳንባ ምች ነው፤ ፊቷ ላይ የኦክስጅን ጭምብል ተደርጎላታል። እናቷ ላውንድሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ያን እንቅልፍ ያጣ ፊቷን ይዛ ከሆስፒታል በቀጥታ የመጣችው ዳይሬክተሩ ስለጠራት ነው። የጠራት ደግሞ ልጅሽ እንዴት አደረች ሊላት እንዳይመስላችሁ። ሆስፒታል ወረፋ ላይ ለሌሎች እናቶች «ያ ክፍል የበሽታ ጎሬ ነው» ማለቷን ሰው ነግሮት፣ የትምህርት ቤቱን ስም ለምን አጠፋሽ ሊላት ነው። ወይ ጉድ! የሚጠፋ ስም እንዳለን እኔም ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«አንደኛ ሀን አታይም? ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ያው ብርድ፣ ያው ዕድሜ። እነሱ ለምን አልታመሙም? እናቶቻቸው ስለሚያለብሷቸው ነው!» አለ።

እኔ ስናደድ መጀመሪያ የሚግለው ጆሮዬ ነው። በሩን ገፍቼ ገባሁና «አንደኛ ሀ ማሽን አለው! እኛ የለንም!» አልኩ፤ ደህና አደሩ እንኳን ሳልል። ዳይሬክተሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ እንጂ። «የእናንተ ማሽን ተበላሽቶ መምጣቱን መቼም ታውቂያለሽ። መቼ እንደሚጠገን ደግሞ ከእኔ ይልቅ ወንድምሽን ብትጠይቂ ይሻላል» አለኝ። ፈገግታው ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። የጠበቃዋ እናት ሁለታችንንም በተራ አየችን፤ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። እሷን ተከትዬ አይዞሽ ማለት ሲገባኝ ጠመኔዬን ተቀብዬ ክፍሌ ገባሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ። ትምህርት ሲከፈት አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለየክፍሉ አንድ አንድ የአየር ማጽጃ ሰጠን። ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ ነጭ ዕቃ ነው። የክፍሉን አየር በጀርባው ይስብና፣ ውስጡ ባለው ወፍራም ማጣሪያ አሳልፎ፣ አቧራውንም ልጆቹ ያሳሉትንም እዚያው አስቀርቶ ንጹሑን ይመልሳል። የድርጅቱ ባለሙያ መጥቶ መምህራኑን ሰብስቦ አሳይቶናል። ማሽን ሕይወት ይሰጣል አላለም፤ ሳልም ጨርሶ ይጠፋል አላለም። ይቀንሳል ነው ያለው፤ ቀነሰም። አንደኛ ሀ የምታስተምረው ጓደኛዬ ዘንድሮ ብርዱ ከገባ ወዲህ የሚቀሩባት ልጆች ከእጇ ጣት አይበልጡም። የእኛን ግን «መንገድ ላይ ተሰብሯል፣ ለጥገና ተመልሷል» አሉን። ያሉን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። በጠየቅኩት ቁጥር «እየተጠገነ ነው እኮ፣ አንቺ ደግሞ ጥድፊያሽ!» ይለኛል፤ እኔም እሺ ጋሼ እላለሁ። ወንድሜ ነዋ፤ ምን ብዬ እጠረጥረዋለሁ?

የእኛ ክፍል ሁለት መስኮት አለው። በብርድ ወቅት ከከፈትኳቸው ልጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከዘጋኋቸው አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ይምገዋል። እርጥብ ጃኬት፣ ካልሲ፣ ከቦርሳ የወጣ ዳቦ፣ ይህ ሁሉ ተደባልቆ ይሸታል። ያን ጠዋት ንባብ ነበረን። አንዱ አንድ መስመር ሳይጨርስ ሳል ይይዘዋል፤ እሱ ሲያበቃ ከኋላ ሌላው ይቀበለዋል፤ ከዚያ ከመስኮቱ ጥግ ያለችው። ንባቡን ትቼ ሳሉን ተራ ባስይዘው ይቀለኝ ነበር። የተገኙት ከቀሩት ብዙም አይበልጡም። የጠበቃዋ ቦታ ላይ ጓደኛዋ ቦርሳዋን አስቀምጣለች፤ «ሰው እንዳይቀመጥባት» አለችኝ። ውጪ ወጥቼ አልቅሼ መግባት አማረኝ፤ ግን ማን ይጠብቅልኛል?

እረፍት ላይ ንጹሕ አየር ላገኝ ወደ በሩ ወጣሁ። ዘበኛው ሰውዬ ወገቡን በእጁ ይዞ አጠገቤ መጣ። «ቲቸር፣ ወንድምሽን አንድ በይልኝ እንጂ» አለኝ። «ያን ካርቶን ታክሲ ላይ የጫንኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። ወገቤ እስካሁን ልክ አልገባም። የሻይ እሰጥሃለሁ ብሎኝ ይኸው ሲያየኝ በሌላ በር ይወጣል። ለእናቴ ነው ባይለኝማ ጫፉንም አልነካው!»

«የቱን ካርቶን?»

ዓይኔን አየና ወገቡን ለቀቀ። «ያን አየር ማጽጃውን ነዋ» አለ፤ ድምፁ እየቀነሰ። «አታውቂም እንዴ? እኔ እኮ ሁላችሁም ታውቃላችሁ ብዬ ነው። ጽዳቶቹም ያውቃሉ፣ ዳይሬክተሩም...» ብሎ አቆመ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ይኼ ነው። ግቢው በሙሉ ያውቃል። የአንደኛ ሀዋ ጓደኛዬም ታውቃለች ማለት ነው፤ ለዚህ ነው የእኔ ክፍል ሳል ሲነሳ ወሬ የምትቀይረው። ዳይሬክተሩም ፈገግ ያለው ለዚህ ነው። ስቄ ይሁን አልቅሼ እንጃ፣ አንድ ድምፅ አወጣሁ፤ ዘበኛው «ይቅር በይኝ» አለ። ያጠፋው እሱ ይመስል።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዳቦዬን መሳቢያ ውስጥ ትቼ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። እናታችን የምትኖረው እሱ ጋ ነው፤ አስም አለባት። የወንድሜ ሚስት በሩን ከፈተችና ደነገጠች። የምደነግጠው እኔ ነኝ ስል ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝ። ሶፋው ከተገዛ ስንት ጊዜው ነው፣ ላስቲኩ እስካሁን አልተነሳም፤ ስትቀመጥበት ይንኮሻኮሻል፣ ስትነሳ ልብስህን ይዞ ይነሳል። ሪሞቱም በላስቲክ ነው፤ የመጋረጃው ዘንግ፣ የፍሪጁ እጀታ፣ ሁሉም። ወንድሜ ዕቃ እንዳይቆሽሽ ሲል ዕቃ ሳይጠቀም የሚያረጅ ሰው ነው። እትዬ ስለ ዘይት ዋጋ መጨመር ጀመረችልኝ። ሽንኩርቱንም አነሳችው፤ ከሽንኩርት ወደ ቤት ኪራይ ሄደች። እጇን በመሃረቧ እየጠቀለለች እየፈታች ነው የምታወራው፤ ዓይኗ ወደ እማዬ ክፍል እንዳይሄድ ሌላው ቦታ ሁሉ ያርፋል። እኔም እየሰማሁ «እህ፣ እህ» እላለሁ። ከክፍሉ ዝቅ ያለ የማራገቢያ ድምፅ ይመጣል፤ ሁለታችንም እንሰማዋለን፤ ሁለታችንም ስለ ሽንኩርት ነው የምናወራው።

«እማዬን ሰላም ልበላት» ብዬ ተነሳሁ። አልከለከለችኝም።

እማዬ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። መስኮቱ ድርግም ብሎ ተዘግቷል፤ ክፍሉ ይሞቃል። ከአልጋዋ ራስጌ፣ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ፣ ማሽናችን ቆሟል። ጎኑ ላይ ድርጅቱ በቀለም የጻፈው «1 ለ» አለ፤ ለመፋቅ እንኳን የደከመ ሰው የለም። «ነይ ልጄ፣ ነይ ሳሚኝ» አለችኝ። «ይኼን አየሽልኝ? ወንድምሽ ነው የገዛልኝ። ከመጣ ጀምሮ ሌሊቱን ለጥ ነው። እሱን የወለድኩበት ማኅፀን ይባረክ!» ያው ማኅፀን እኔንም ወልዶኛል። ክሊኒክ የማመላልሳት እኔ፣ የሚነፋላትን መድኃኒት በየወሩ የምገዛው እኔ፣ ለምርቃቱ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። ቅናት ነው ካላችሁ በሉኝ። ቀናሁ።

ጋሼ ለምሳ ሲገባ ድምፄን ሰምቶ ኖሮ ቀጥታ ወደ ክፍሉ መጣ። ኮቱን እንኳን አላወለቀም። ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ። «ውጪ እናውራ» አለ።

«እዚሁ እናውራ። ተበላሽቷል ያልከኝ ይኼ ነው?»

«ቀስ በይ፣ እናታችን ፊት ነው።»

«ጋሼ፣ የልጆቼን ማሽን ሰርቀህ ነው ወይ የምትመረቀው?» ብዬ ጮህኩ። እንደዚህ ጮኼበት አላውቅም። እትዬ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። እማዬ «የምን ልጆች? የምን ስርቆት?» እያለች አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

ጋሼ ተቀመጠ። ሲናገር ቁጣ የለውም፤ እሱ ነው ያናደደኝ። «ሸጬ በላሁት? ቤት ሠራሁበት? ለማን አመጣሁት? ለጠላቴ ነው? ባለፈው ክረምት እናትሽ ሌሊት ሌሊት መስኮት ላይ ተንጠልጥላ አየር ስትፈልግ አንቺ ቤትሽ ተኝተሽ ነበር፤ እኔ ነኝ ስጠብቃት ያደርኩት። ልጆች ናቸው፣ ያስላሉ፣ ያድጋሉ። እናት ግን አንድ ናት። ደግሞስ ማሽኑ ቢኖር ያቺ ልጅ አትታመምም ነበር? ማሽን እግዜር ነው?» አለኝ። ጠበቃዋ ባልታመመች ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ ማንም አይችልም። እማዬን አየኋት፤ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልተወው ነበር። ሌላ ክፍል ልለምን፣ ልጆቹን ከአንደኛ ሀ ጋር ላዳብል፣ ምናምን እያልኩ ራሴን ማታለል ጀምሬ ነበር።

«እሺ፣ ቢያንስ ማጣሪያው ቆሽሾ ይሆናል፤ እሱን ልይላት» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ባለሙያው እንዳሳየን የጀርባውን ክዳን ጫን አድርጌ ሳብኩት። ማጣሪያው ዙሪያውን በላስቲክ እንደታሸገ ነው። ከፋብሪካ እንደመጣ፤ ያልተነካ፣ ያልተቀደደ። ባለሙያው ያን ቀን ከምንም በፊት ደጋግሞ የነገረን ይህን ነበር፤ ላስቲኩን ሳታወልቁ ብታስነሱት አየር አይገባም፣ ዝም ብሎ ይጮኻል። ጋሼ ስብሰባው ላይ አልነበረም። ክዳኑን ከፍቶ አይቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። «አይቼዋለሁ» አለ፤ «ማጣሪያው እንዳይቆሽሽ ተውኩት።»

አየሩን ሊያጸዳ የተሠራው ዕቃ እንዳይቆሽሽ! ሳቄ መጣ፤ የሳቅ ሳቅ አይደለም፣ ቆሽት ሲያር የሚመጣው ነው። ከልጆቼ ሰርቆ ለእናቴ እንኳን አላደረሰውም። ያ ሁሉ ጊዜ፣ ልጆቹ እያሳሉ፣ ይህ ዕቃ እዚህ አረንጓዴ መብራት አብርቶ መብራት ሲቆጥር ነበር። ከሰው አፍ ነጥቆ ራሱ ቢበላው እንኳን፣ በላው ይባላል፤ ይኼ ምን ይባላል? ላስቲኩን በጥርሴ ቀድጄ አወጣሁትና መልሼ አስነሳሁት። ድምፁ ተቀየረ፤ መሳብ ጀመረ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እማዬ። ጋሼ ከእማዬ ጀርባ ሆኖ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ አትንገሪያት ማለቱ ነው። ፊቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልመና አየሁ። ነገርኳት። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ላስቲኩ እንዳልወለቀ፣ አንዲት ልጅ ሆስፒታል እንደተኛች፣ ሁሉንም። እማዬ ላስቲኩን ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ከዚያ «ቢሆንም ተሽሎኝ ነበር» አለች። ጋሼን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው።

ሶኬቱን ነቀልኩ። «አሁን ገና መሥራት ሲጀምር ነው የምትወስጂው?» አለ ጋሼ፤ በሩ ላይ ቆሞ። ይህች ቃል ሆዴ ውስጥ ገባች፤ እውነት ናትና። «ለእማዬ እኔና አንተ ተጋግዘን እንገዛላታለን። ለእነሱ የሚገዛላቸው የለም» አልኩት። አልተንቀሳቀሰም። በማሽኑ ገፋሁት።

«የሰው ልጅ ከእኔ በለጠብሽ?» አለች እማዬ ከኋላዬ። ድምፅዋ ትንፋሽ ያጥረዋል። «ሂጂ እሺ። ግን ይዘሽው ከወጣሽ ልጅ አለኝ አልልም። ደጄን እንዳትረግጪ።»

ወጣሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ የታክሲው ረዳት ለዕቃው የሁለት ሰው ሒሳብ ካልከፈልሽ አለኝ፣ እሱንም ሰደብኩት፣ ግን ከፈልኩ። ክፍል ስገባ ልጆቹ ማሽኑን ከበቡት። «ቲቸር፣ ፍሪጅ ነው?» «አይ፣ ቴሌቪዥን ነው፣ ገና ልትከፍተው ነው!» ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ሰካሁት። መብራቱ በራ፤ አጨበጨቡ። እነሱ ሲያጨበጭቡ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቀኑን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ፤ የጠበቃዋ እናት ናት። ከለሮቿን ልትወስድላት ነው የመጣችው። «ዓይኗን ከገለጠች ጀምሮ ከለሬን አምጪልኝ ነው፤ ቲቸር፣ ያን ጭምብል ከፊቷ ሳታወርድ ትጨቀጭቀኛለች» አለችኝ፤ ትንሽ ፈገግ ብላ። እፎይ አልኩ። ከለሮቹን ከመቀመጫዋ ሥር አውጥቼ ስሰጣት ዓይኗ ማሽኑ ላይ አረፈ። «ተጠገነ?» አለች።

አዎ ብል ይበቃ ነበር። የወንድሜ እንጀራ፣ የእናቴ ደጅ፣ ሁሉም በአንድ አዎ ይተርፉ ነበር። «አልተበላሸም ነበር» አልኳት። «ወንድሜ ነው የወሰደው። እናቴ አስም አለባት፤ ለእሷ ነው የወሰደው።»

ከለሮቹን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። «እናትዎ ተሻላቸው ታዲያ?» አለችኝ። የምሯን ነው። ሽሙጥ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር።

«አልተሻላትም» አልኩ። «ማጣሪያው ላስቲኩ አልወለቀም ነበር። ለማንም አልሠራም።»

ፊቷ ሲለወጥ ቆሜ አየሁት። ጠዋት ዳይሬክተሩ ፊት አንገቷን ደፍታ የቆመችው ሴት አንገቷ ቀና አለ፤ «እርስዎ»ውንም ተወችው። «ለማንም?» አለች። «ለማንም ላልሆነ ነገር ነው ልጄ አየር የምትለምነው? ለማንም ላልሆነ ነው አላለበስሻትም የተባልኩት? አንቺ እዚያ ቆመሽ ስትሰሚ አልነበረም?» ክንዴን ያዘች። ስትተኩስ የኖረች እጅ ናት፤ አያያዟ ያማል። «ነይ። አሁን ለእኔ ያልሽውን እሱ ፊት ትደግሚዋለሽ።»

ሄድኩ። ልጆቹን ለአንደኛ ሀ መምህርት «እዪልኝ» ብዬ በመስኮት ጮኼ፣ ጠመኔው በእጄ እንዳለ ሄድኩ። ኮሪደሩ መሃል ጋሼ ከምሳ ሲመለስ ተገናኘን። ሴትዮዋን አየ፣ የተያዘውን ክንዴን አየ፣ ወዴት እንደምንሄድ ገባው። መንገድ አልዘጋብንም፤ ጎኔ መጥቶ በጆሮዬ «እማዬ ምን ትላለች?» አለኝ።

«እማዬ የምትለውን ብላኝ ጨርሳለች» አልኩትና የዳይሬክተሩን በር ከፈትኩት።